ወራጁ ለምን ከዜሮ በታች ሆነ?

ከሰበታ የመጣው ጥያቄ ባጭሩ ይህ ነው፦ 8 ሜትር ስፋት ላለው ቤት፣ ወደ ሁለት ወገን ለሚወርድ የቆርቆሮ ጣሪያ፣ በ15 ዲግሪ የወራጁን (ተዳፋቱን ይዞ የሚወርደውን የጣሪያ እንጨት) ርዝመት በኤክሴል ሲያሰላ -5.27 ወጣለት። አንድ ሰው «አስተካክሎለት» አሁን 5.27 ይላል፤ አናጢው ግን በዝቷል ባይ ነው።

ወንድሜ፣ አናጢህ ልክ ነው። -5.27 ሲወጣ ብዙ መመራመር አያሻም፤ ማዕዘኑን በዲግሪ ሰጥተኸው ኤክሴል በራዲያን ቆጥሮታል። አስተካካይህ ደግሞ ፎርሙላው ላይ ኤቢኤስ (ABS) የሚባለውን ትእዛዝ ጨምሮ የመቀነስ ምልክቱን ብቻ ነው የደበቀው። እንዲህ ያለ ጥገና ያናድዳል! -5.27 ቢቀር ማንም ይጠረጥረው ነበር፤ 5.27 ግን እንጨት ያስገዛል፣ በየወራጁ ከ1.10 ሜትር በላይ ትርፍ። ኤቢኤሱን አጥፋው።

ራዲያን ምንድን ነው? ክብ ሥራና ከመሐሉ እስከ ጠርዙ ያለውን ርቀት በገመድ ለካ። ያንኑ ገመድ በጠርዙ ላይ አጥፈህ አስተኛው። ገመዱ የሸፈነው ማዕዘን 1 ራዲያን ነው፤ 57.296 ዲግሪ ገደማ። ስለዚህ 15 ራዲያን 859.4 ዲግሪ ይሆናል። ሁለት ሙሉ ዙር፣ ማለትም 720፣ ሲቀነስ 139.4 ይቀራል። ወራጁ የሚገኘው አግድም ርቀቱን ለማዕዘኑ ኮስ (ኮሳይን) በማካፈል ነው፤ ከ90 አልፎ 270 እስኪደርስ ደግሞ ኮስ ከዜሮ በታች ነው፤ ለዚህ ማዕዘን -0.7597። የቤቱን ግማሽ ስፋት፣ 4ን፣ ለዚህ አካፍል፤ ያቺው -5.27 ናት።

ቢ2 ላይ ማዕዘኑን 15፣ ቢ3 ላይ ግማሽ ስፋቱን 4፣ ቢ4 ላይ ከግድግዳ ውጭ የሚወጣውን አግድም ርቀት ጻፍ፤ 0.60 እንበል። ቢ2 ላይ የዲግሪ ምልክት አትጨምር፤ ሴሉ ጽሑፍ ይሆንና ስህተት ይመልስልሃል። ከዚያ (ፊደሉ በእንግሊዝኛ ነው የሚጻፈው፦ ቢ B፣ ኮስ COS፣ ራዲያንስ RADIANS፣ ታን TAN፣ ዲግሪስ DEGREES፣ ኤታን ATAN)፦

=(ቢ3+ቢ4)/ኮስ(ራዲያንስ(ቢ2))

4.76 ሜትር ይሰጥሃል፤ ያለ ውጪው 4.14 ነው። ለመጋጠሚያ የሚቆረጠውን አንተ ጨምርበት። የመሐሉ ቋሚ ከፍታ፦

=ቢ3*ታን(ራዲያንስ(ቢ2))

1.07 ሜትር።

ግን ሴሉን ሳትፈትሽ መጋዝ አታንሳ። ቢ2 ላይ 60 ጻፍ፤ ኮስ 0.5 ስለሆነ ወራጁ 9.20 መሆን አለበት። 45 ስታደርገው ቋሚው ልክ 4 ይሆናል። ካልሆነ ፎርሙላው ተበላሽቷል።

ማዕዘኑን በስልክ ወይም በርካሽ የፕላስቲክ መለኪያ ለክተኸው ከሆነም ተጠንቀቅ። የ1 ዲግሪ ስህተት እዚህ ቤት ላይ ቋሚውን በ7.5 ሳንቲ ሜትር ያዛባል። ከፍታውንና ግማሽ ስፋቱን በሜትር ለክተህ =ዲግሪስ(ኤታን(1.07/4)) ብትል ይሻላል፤ 14.98 ይመጣል። ዲግሪስን ከረሳህ 0.26 ታያለህ፤ እሱ ራዲያን ነው፣ ቢ2 ውስጥ እንዳትከተው። ደግሜ ልበል፦ 60ና 45 ሳይፈተኑ አንድም እንጨት አይቆረጥ።