ለጠባብ ታፔላ የሚሆን ማዕዘናዊ የአማርኛ ፊደል

በድሬዳዋ መጋላ የባጃጅ መለዋወጫ ሱቅ ለመክፈት የተዘጋጁ አንባቢ ጥያቄ ልከውልናል። በሁለት በሮች መካከል የሚሰቀለው ታፔላ 60 ሴንቲሜትር ስፋትና 2 ሜትር ቁመት አለው። ለእንግሊዝኛው ጽሑፍ ጠርዞቹ በሰያፍ የተቆረጡ፣ ረጅምና ጠባብ ፎንት መርጠዋል። አማርኛው እንዲመሳሰለው በኮምፒውተር ወደ ጎን ሲጨመቅ ግን «መለዋወጫ» የሚለው ቃል ከመንገዱ ማዶ የማይነበብ ጥቁር ክምችት ሆኖባቸዋል።

የፎንት ምርጫዎ መልካም ነው፤ ያበላሸው መጨመቁ ነው። አንድን ፊደል ወደ ጎን ብቻ ወደ 55 በመቶ ሲያጠቡት ቋሚ መስመሮቹ አብረው ይቀጥናሉ፣ አግድሞቹ ግን እንደነበሩ ይቀራሉ። 20 ሚሊሜትር ውፍረት የነበረው እግር 11 ሚሊሜትር ሲሆን ከላይ የሚያያይዘው መስመር 20ውን እንደያዘ ይቆያል። የግእዝ ፊደል በመቃ ብዕር ብራና ላይ ሲጻፍ ጀምሮ የያዘው ሚዛን ወፍራም እግርና ቀጭን ማያያዣ ስለሆነ፣ ይህ አሠራር ሚዛኑን ይገለብጠዋል።

ከዚህ በላይ ግን አማርኛው ያን ያህል መጥበብ እንደማያስፈልገው ልብ እንዲሉልኝ እፈልጋለሁ። እያንዳንዱ ፊደላችን ተነባቢውንም አናባቢውንም አንድ ላይ ስለሚይዝ ቃሉ አጭር ነው፤ በላቲን ስምንት ፊደል የሚፈጀው «ድሬዳዋ» በእኛ አራት ብቻ ነው። የእርስዎን እናስላ። በታፔላ ሥራ በተለመደው ስሌት ለ3 ሜትር ርቀት 2.5 ሴንቲሜትር የፊደል ቁመት ይያዛል፤ መንገዱን 15 ሜትር ብንለው 12.5 ሴንቲሜትር ያስፈልግዎታል። በግራና በቀኝ 5 ሴንቲሜትር ኅዳግ ትተን የሚቀረን 50 ሴንቲሜትር ለአምስቱ ፊደላት ሲካፈል ለእያንዳንዱ ከነክፍተቱ 10 ሴንቲሜትር ይደርሰዋል። ክፍተቱን 2 ብናደርገው ፊደሉ በአማካይ 8 ሴንቲሜትር ስፋት ይኖረዋል፤ ይህም ጠበብ ያለ እንጂ የታፈነ አይደለም። ጠባብ ፎንት የግድ የሚሆነው ለላቲኑ ነው፤ አፋን ኦሮሞና ሶማልኛም ከጨመሩ የሚረዝመውን አናባቢ ደግመው ስለሚጽፉ መስመሩ ይበልጥ ይረዝማል።

ስለዚህ ሁለቱን ጽሑፎች የሚያዛምዱት በስፋት ሳይሆን በእግሩ ውፍረትና በጠርዙ አቆራረጥ ነው። መነሻ እንዲሆንዎ «ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ» የተባለውን ነፃ ፎንት ይውሰዱ። ስፋቱ እስከ 62.5 በመቶ የሚጠብ፣ ውፍረቱም በፎንት የውፍረት ደረጃ ከ100 (በጣም ቀጭን) እስከ 900 (በጣም ወፍራም) የሚቀያየር ሆኖ የተሠራ ስለሆነ የመስመሮቹ ሚዛን አይፋለስም። ጽሑፉን በንድፍ ፕሮግራሙ ውስጥ ጠርዙ እንደ ሥዕል ወደሚስተካከል የመስመር ቅርጽ (አውትላይን) ለውጠው ክቦቹን በ45 ዲግሪ ይቁረጧቸው። የአማርኛውን ቁመት ከላቲኑ ትልልቅ ፊደላት ትንሽ ከፍ ያድርጉት፤ ውስጡ የተጨናነቀ ፊደል በእኩል ቁመት ሲቀመጥ አንሶ ይታያልና።

ጥንቃቄ የሚሻው ቆረጣው ነው። የ«በ» ሁለት የላይ ማዕዘኖች ከመጠን በላይ ከተቆረጡ ጣሪያው ሾሎ ወደ «ሰ» ይጠጋል፤ ስለዚህ በ«በ» ላይ ሰፊ ጠፍጣፋ ጣሪያ ይተዉ። የ«ሌ» ቀለበት በጠባብ ቦታ ሲደፈን ቃሉ በ«ሊ» ይነበባል፤ ቀለበቱ ስምንት ማዕዘን ቢሆንም መሐሉ መታየት አለበት። በእርስዎ ቃል ውስጥ «ዋ» እና «ወ» ተከታትለው ስለሚመጡ የ«ዋ» እግር በግልጽ ወርዶ ይታይ። «ጫ»ን ከ«ጣ» የሚለዩትን ትንንሽ ቀለበቶች ለማስተንፈስ ደግሞ የዚህን ፊደል መስመሮች ብቻ ከሌሎቹ በጥቂቱ ማቅጠን ይፈቀዳል፤ እኔ ሁልጊዜ አደርገዋለሁ፣ ከሩቅ የሚያስተውለውም የለም። በሁሉም ላይ መጀመሪያ በመስመሮቹ መካከል ያለውን ነጭ ቦታ ይወስኑ፤ የመስመሩን ውፍረት የሚወስነው የቀረው ቦታ ይሁን።

ይህ ዓይነቱ ቅርጽ ለርዕስና ለታፔላ እንጂ ለረጅም ጽሑፍ አይሆንም። አሜሪካዊው ሞሪስ ፉለር ቤንተን እ.ኤ.አ. በ1932 የሠራው ጠባብና ማዕዘናዊው ኤጀንሲ ጎቲክ የተባለ ፎንት እንኳ ትልልቅ ፊደላት ብቻ ነበሩት። ስለዚህ የስልክ ቁጥሩንና የዕቃዎቹን ዝርዝር በተለመደ ስፋት ይጻፉ። ሱቅዎ በሐረር ጁገል ጠባብ መንገዶች ላይ ቢሆን ኖሮ ግን ለስሙም ቢሆን ይህን ፎንት አልመክርዎትም ነበር፤ እዚያ በግድግዳ ላይ የተለጠፈ ጽሑፍ የሚታየው ከጎን ስለሆነ ጠባቡ ፊደል የባሰ ይጠባል።

ፊደላቱን በቪኒል (በሚለጠፍ ፕላስቲክ) የሚያስቆርጡ ከሆነ የሾሉ ጫፎች በእኛ ሙቀት ቀድመው ይላቀቃሉ። በ45 ዲግሪ የተቆረጠ ጠርዝ የሚተወው ማዕዘን 135 ዲግሪ በመሆኑ ከሹሉ ይልቅ ይይዛል፤ የ«ሰ»ን ጫፍም በትንሹ ያደንድኑት። ማታ ከውስጥ የሚበራ ታፔላ ካሰቡ ብርሃኑ ፊደሉን አስፍቶ ስለሚያሳይ መስመሮቹን አንድ ደረጃ ያቅጥኑ። ከማስቆረጥዎ በፊት «መለዋወጫ»ን በሙሉ መጠኑ በወረቀት አሳትመው ግድግዳው ላይ ይለጥፉትና ከመንገዱ ማዶ ቆመው ይዩት፤ «ጫ» ከዚያ ካልተነበበ የሚስተካከለው ፊደሉ ነው፣ ሰሌዳው አይደለም።