መልስ፦ ሱዳናውያን ጎረቤቶቼ መሥራት ይፈቀድላቸዋል?

እህቴ፣ ግቢያችሁ የተከራዩት ከካርቱም የመጡ እናትና ልጆች መሥራትና መማር ይችሉ እንደሆነ ጠይቀሻል። አዎ፣ ይችላሉ። የስደተኞች አዋጅ ቁጥር 1110/2011 በስደተኝነት የተመዘገበ ሰው ፈቃድ አውጥቶ እንዲሠራ፣ የባንክ ሒሳብም እንዲከፍት ይፈቅዳል፤ በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ደግሞ ልጆቹ ከእኛ ልጆች እኩል ናቸው። ግን መጀመሪያ የስደተኛ መታወቂያ እንዳላቸው እይላቸው፤ የሱዳኑ ጦርነት በሚያዝያ 2015 ከተጀመረ ወዲህ በመተማ የገባው ሁሉ ተመዝግቧል ማለት አይደለም፣ ከሌላቸው ወደ ስደተኞችና ተመላሾች አገልግሎት መሄድ አለባቸው።

ወረቀቱ ጊዜ ይወስዳል። እስከዚያ ቡና ሲፈላ እናትየዋን ጥሪያት። ቅዳሜ ገበያም ይዘሻት ውጪ፣ ዋጋ እንዳያስወድዱባት። እኛ ሰፈር ያለችው ሱዳናዊት አማርኛ የለመደችው ሽንኩርት ስትገዛ ነው፤ አሁን ራሷ ትከራከራለች። ስለ ጦርነቱ ግን ጎረቤትሽ ራሷ ካላነሳችው አትጠይቂያት፣ እባክሽ።