ብስክሌት በየት በኩል ይነዳ?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? የ13 ዓመት ልጄ ከአባይ ማዶ ወደ ትምህርት ቤት የምትመላለሰው በብስክሌት ነው። አባቷ «መኪናው ፊት ለፊት ይታይሽ» ብሎ ግራውን ይዛ እንድትነዳ አስለምዷታል። ወንድሜ ይህን ሲያይ «ልጅቷን ልታስፈጇት ነው!» ብሎ ጮኸ። አሁን ቤቱ ጭቅጭቅ ብቻ ሆኗል። ማንን ልስማ?
እናት፣ ከባሕር ዳር

መልስ፦ እህቴ፣ ወንድምሽን ስሚ።

አባቷም ቢሆን ዝም ብሎ አልተናገረም። ምክሩ ለእግረኛ ይሠራል። የእግረኛ መንገድ በሌለበት ግራውን ይዞ፣ የሚመጣውን መኪና እያዩ መሄድ ነው የሚሻለው። እግረኛ አንድ እርምጃ ወደ ዳር ካለ ይተርፋል። ብስክሌት ግን ተሽከርካሪ ነው፤ ቀኙን ይዞ ይሄዳል።

እስቲ ሒሳቡን እንየው። ልጅሽ በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር፣ ባጃጁ 40 ይሄዳሉ እንበል። ፊት ለፊት ከሆኑ በ55 ይቀራረባሉ። በአንድ አቅጣጫ ከሆኑ ልዩነቱ 25 ብቻ ነው። ሾፌሩ አይቶ ፍሬን ለመያዝ ከእጥፍ በላይ ጊዜ ያገኛል።

የባሰው ደግሞ ቅያስ ላይ ነው። ከውስጥ ለውስጥ ወጥቶ ወደ ቀኝ የሚታጠፍ ባጃጅ ዓይኑ ወደ ግራ ነው፤ መኪና የሚመጣው በዚያ ነዋ። ልጅሽ በቀኙ ከች ስትል አያያትም። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ በዚህ ከተማ ብስክሌት ነድቻለሁ፤ እስካሁን ቅያስ ላይ ስደርስ እግሬ ከፔዳሉ ላይ ይቀዘቅዛል።

ቀኝ ትያዝ ስል ጠርዙ ላይ ትለጠፍ ማለቴ አይደለም። ከቆሙ መኪኖች አንድ ሜትር ያህል ትራቅ፤ በር በድንገት ይከፈታል። ባጃጅ ተሳፋሪ ካየ ሳያስጠነቅቅ ጥግ ይይዛል፤ ከኋላው ቀስ ትበል። ከሲኖትራክ በስተቀኝ ግን በፍጹም እንዳትገባ፣ ቆሞም ቢሆን! ሾፌሩ ከፍ ብሎ ስለተቀመጠ ጎኑ ሥር ያለች ልጅ አትታየውም። ወደ ቀኝ ሲታጠፍ ደግሞ የኋላ ጎማው ከፊተኛው ይልቅ ወደ ጥግ ተጠግቶ ነው የሚዞረው።

ድልድዩስ? በ2016 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ የአባይ ድልድይ ለእግረኛና ለብስክሌት መተላለፊያ አለው፤ በዚያ ትሻገር። ችግሩ የሚጀምረው 380 ሜትሩ ካለቀ በኋላ ነው። ስለዚህ አንድ እሑድ ጠዋት፣ መንገዱ ጭር ሲል፣ አባቷ ብስክሌት ተውሶ ከኋላዋ ይከተላት። ቅያሶቹን አንድ በአንድ አብረው ይዩ። እሱም ቀኙን ይዞ ሲነዳ ይገባዋል፤ ክርክር አያስፈልግም።

ከመውጣታቸው በፊት ሁለቱንም ፍሬን ለየብቻ ይሞክር። ዝናብ ላይ ፍሬን ዘግይቶ ነው የሚይዘው፤ ክረምቱን ቀስ ብላ ትንዳ። ስትመለስ የሚመሽባት ከሆነ ከፊት ነጭ፣ ከኋላ ቀይ መብራት ግዙላት።