ራጁ «ምንም የለም» ካለ በኋላ፦ ስለ ጉልበት ምርመራ ጥያቄና መልስ

ስለ ጉልበት ጉዳት ጠይቁኝ ብዬ የመጡልኝ ጥያቄዎች እነዚህ ናቸው። ሥራዬ ራዲዮሎጂ ነው፤ የቀዶ ሕክምናውን ጉዳይ ለአጥንት ሐኪሞች ትቼዋለሁ።

ጥያቄ፦ ኳስ ስጫወት ጉልበቴ ዞረና «ቋ» አለ፤ ወዲያው አበጠ። ራጅ ተነስቼ «አጥንትህ ደህና ነው» ተባልኩ። ታዲያ መርገጥ ለምን አቃተኝ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ራጅ የሚነግርህ ስለ አጥንት ነው። ጅማትና ሜኒስከስ (በጉልበት አጥንቶች መካከል እንደ ትራስ ያለው ለስላሳ አካል) አይታዩበትም። የነገርከኝ ታሪክ ደግሞ ኤሲኤል የሚባለው መስቀለኛ ጅማት መበጠሱን ያስጠረጥራል፤ እሱን አጥርቶ የሚያሳየው ኤምአርአይ የሚባለው የማግኔት ምርመራ ነው። ራጁን ግን እንዳትጥለው። አንዳንዴ በቅልጥም አጥንት ላይኛ ጫፍ፣ በውጭ በኩል፣ ቀጭን የአጥንት ስንጣሪ ተገንጥላ ትገኛለች። ፈረንሳዊው ቀዶ ሐኪም ፖል ሴጎንድ በ1879 እ.ኤ.አ. የገለጻት ስብራት ናት። ሲያዩዋት ኢምንት ናት፤ ከተገኘች ግን አብዛኛውን ጊዜ ኤሲኤልም ተበጥሷል።

ጥያቄ፦ እናቴ 63 ዓመቷ ነው፤ ደረጃ ላይ ወደቀች። ራጁ ምንም የለውም ተባለ፤ ግን አራት እርምጃ እንኳ መራመድ አልቻለችም። ወጌሻ ጋር ልውሰዳት?

መልስ፦ እህቴ፣ እባክሽ እንዳይታሹ። በዚህ ዕድሜ አጥንት ስለሚሳሳ፣ ክብደት የሚሸከመው የቅልጥም አናት ተሰንጥቆ ከቦታው ሳይንቀሳቀስ ሊቀር ይችላል። እንዲህ ያለውን ስንጥቅ ራጅ ላያሳየው ይችላል። ሲረግጡበት ወይም ሲታሽ ግን ሊሰምጥ ይችላል። ምርመራው እስኪያልቅ በክራንች ይደገፉ፤ እግሩ ላይ አይጫኑ።

ፊልሙን ይዘሽ ሂጂና አንድ ነገር ጠይቂልኝ፦ በጀርባቸው ተኝተው፣ ጨረሩ ከጎን በአግድም እየመጣ የተነሳ ፊልም አለ? አጥንት ሲሰበር ከመቅኔው የሚወጣው ስብ መገጣጠሚያው ውስጥ በደሙ ላይ ይንሳፈፋል፤ በዚያ ፊልም ላይ ሁለቱ የሚለያዩበት ቀጥ ያለ መስመር ይታያል። መስመሩ ካለ፣ ስብራቱ ራሱ ባይታይም መገጣጠሚያው ውስጥ ስብራት አለ ማለት ነው።

ከዚያ ሲቲ ስካን (አካልን በስስ በስሱ ከፋፍሎ የሚያሳይ የራጅ ምርመራ) ስብራቱ የት የት እንደሄደ፣ ስንት ሚሊሜትር እንደሰመጠ ያሳያል፤ ለቀዶ ሐኪሙ የሚጠቅመው እሱ ነው። ሲቲውም ንጹሕ ሆኖ መርገጥ ካቃታቸው ኤምአርአይ ያስፈልጋል፤ የመቅኔውን እብጠት ያወጣዋል።

ጥያቄ፦ አልትራሳውንድ ረከስ ይላል። እሱ አይበቃም?

መልስ፦ ለአንዳንዱ ይበቃል። ከጉልበት ሎሚ በላይና በታች ያሉት ጅማቶች ሲበጠሱ፣ ጉልበት ውሃ ሲቋጥር፣ ከጉልበት ኋላ እባጭ ሲወጣ ጥሩ አድርጎ ያሳያል። ኤሲኤልን ግን በሱ አንወስንም፤ ጥልቅ ነው፣ አጥንትም ይጋርደዋል።

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ ዕድሜዬ 58 ነው። ሳልወድቅ ጉልበቴን ያመኝ ጀመር፤ ኤምአርአይ «ሜኒስከስ ተቀዷል» ይላል። ቀዶ ሕክምና ልግባ?

መልስ፦ በዚያ ወረቀት ብቻ አይወስኑ። በአሜሪካ ፍራሚንግሃም ከተማ ዕድሜያቸው ከ50 እስከ 90 የሆኑ ነዋሪዎች ኤምአርአይ ተነስተው ነበር፤ ውጤቱ የታተመው በ2008 እ.ኤ.አ. ነው። ሜኒስከሳቸው ተቀዶ ከተገኙት 61 በመቶዎቹ ባለፈው አንድ ወር ጉልበታቸውን አላመማቸውም፣ አልደረቀባቸውም። ስለዚህ የእርስዎ ሕመም ከቅዳዱ ሳይሆን መገጣጠሚያው ከማርጀቱ የመጣ ሊሆን ይችላል። ቆመው የሚነሱት ራጅ ክፍተቱ ምን ያህል እንደጠበበ ስለሚያሳይ፣ ካልተነሱ ይነሱ። ጉልበትዎ ተቆልፎ አልዘረጋ የሚል ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው፤ ሳይቆዩ የአጥንት ሐኪም ዘንድ ይሂዱ።

ጥያቄ፦ ኤምአርአይ ጨረር አለው? አባቴ ልቡ ላይ ፔስሜከር፣ የልብ ምት የሚያስተካክል መሣሪያ፣ ተገጥሞለታል።

መልስ፦ ጨረር የለውም፤ በማግኔት ነው የሚሠራው። አንዳንዱ ፔስሜከር ግን ከማግኔቱ ጋር አይስማማም። የመሣሪያውን ዓይነት የሚገልጸውን ካርድ ይዛችሁ ሂዱና ማሽኑ ክፍል ከመግባታቸው በፊት አሳዩ። ካልተፈቀደላቸው፣ መገጣጠሚያው ውስጥ መድኃኒት ተወግቶ የሚነሳ ሲቲ አለ፤ የሜኒስከስን ቅዳድ ያሳያል።