የምርጫ ቀን ሥራ ቢዘጋ ወረፋው ያጥራል?

ጥያቄ፦ ፒያሳ ካፌ አስተዳድራለሁ። የምርጫ ቀን የሕዝብ በዓል ቢሆን መራጩ ይበዛል ይባላል። እኛ ጋ ግን ገበያው የሚደራው በበዓል ነው። ለሠራተኞቼ ምን ይጠቅማቸዋል?

መልስ፦ በዓሉ ይበልጥ የሚጠቅመው የወር ደመወዝተኛውን ነው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት በወር የሚከፈለው ሠራተኛ በሕዝብ በዓል ባለመሥራቱ ደመወዙ አይቆረጥም። በሌላ መንገድ የሚከፈለው ግን በሥራ ውሉ ወይም በኅብረት ስምምነቱ ይወሰናል። ውል ለሌለው የቀን ሠራተኛ በዓል ገቢ የሚያጣበት ቀን ነው፤ ሥራ ካገኘ ወደዚያው ይሄዳል። የእርስዎ አስተናጋጆች በበዓል ለሠሩበት ሰዓት ቢያንስ እጥፍ ይከፈላቸዋል፤ ይህ ተገቢ ነው፤ ሰልፍ የሚቆሙበትን ሰዓት ግን አይሰጣቸውም።

የሚሰጣቸው የእርስዎ ፕሮግራም ነው። ሠራተኛው የሚመርጠው በተመዘገበበት ሰፈር እንጂ በሥራ ቦታው አይደለም። ጀሞ የሚኖር ሰው ፒያሳ ደርሶ ለመመለስ ሁለት ታክሲ ይይዛል፤ የአንድ ሰዓት ፈቃድ አይበቃውም። ስለዚህ ግማሾቹ መርጠው 5 ሰዓት ላይ ይግቡ፣ ጠዋት የገቡት ደግሞ 7 ሰዓት ላይ ይውጡ። ሩቅ የሚኖሩትን መጀመሪያ ያስመርጡ።

በዓል ብቻውን መራጭ እንደማያመጣ ደቡብ አፍሪካ ታሳያለች። እዚያ የምርጫ ቀን በዓል ነው፤ ሆኖም ከተመዘገቡት የመረጡት እ.ኤ.አ. በ1999 ከነበረበት 89 በመቶ ገደማ በ2024 ወደ 59 በመቶ ገደማ ወርዷል። በእኛ አገር የግንቦት 7 ቀን 1997 ምርጫ እሑድ ነበር፤ ያን ረጅም ሰልፍ ያመጣው የዕረፍት ቀን መሆኑ ብቻ አልነበረም።

ጥያቄ፦ ሰኔ 14 ቀን 2013 አዲስ አበባ ውስጥ ድምፅ መስጠቱ እስከ ማታ 3 ሰዓት የተራዘመው ለምንድን ነው? ሥራ ቢዘጋ ይህ ይቀራል?

መልስ፦ ሊብስም ይችላል። እስኪ እናስላው። በአንድ ምርጫ ጣቢያ እስከ 1,500 መራጭ ሊመዘገብ ይችል ነበር። ጣቢያው ከጠዋቱ 12 እስከ ማታ 12 ሲከፈት 43,200 ሰከንድ አለው፤ ለአንድ ሰው 29 ሰከንድ አይሞላም። በዚህች ጊዜ ካርዱ ይታያል፣ ስሙ ከመዝገብ ይፈለጋል፣ ይፈርማል፣ ጣቱ ቀለም ይቀባል፣ ወረቀት ይሰጠዋል። አዲስ አበባ ውስጥ ደግሞ አንዱ ለተወካዮች ምክር ቤት፣ አንዱ ለከተማው ምክር ቤት ሁለት ወረቀት ነበር። አንድ ሰው አንድ ደቂቃ ከወሰደ በ12 ሰዓት የሚስተናገዱት 720 ብቻ ናቸው። ወረቀት ዘግይቶ ሲደርስ ደግሞ የባከነው ሰዓት በቀኑ መጨረሻ ላይ ይጨመራል።

ብዙ ጊዜ ማነቆው መዝገቡ ጋ ነው። አንድ አስፈጻሚ ብቻውን ስም እየፈለገ ድምፅ መስጫ ክፍሉን ማብዛት ወረፋውን አያሳጥርም። መዝገቡ በስም ፊደል ለሁለት ተከፍሎ በሁለት ጠረጴዛ ቢያስተናግዱ ግን ፍጥነቱ ወደ እጥፍ ይጠጋል። ሥራ ሲዘጋ ሰው ሁሉ ጠዋት ስለሚወጣ ይህ ዝግጅት ካልቀደመ በዓሉ ወረፋውን ያረዝመዋል። በመዝጊያው ሰዓት ሰልፍ ላይ የተገኘ መራጭ ድምፁን ሳይሰጥ አይመለስም፤ ስለዚህ መሽቷል ብላችሁ ሰልፉን አትልቀቁ።

ጥያቄ፦ ሜክሲኮ አካባቢ ጥበቃ ነኝ። ተረኛ ከሆንኩ በዓልም ቢሆን አልወጣም። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ከጠዋቱ 12 እስከ ማታ 12 ያለው ፈረቃ የድምፅ መስጫውን ሰዓት ሙሉ በሙሉ ይሸፍነዋል። ከሳምንት በፊት አለቃዎን ያነጋግሩና የርክክቡ ሰዓት ለዚያ ቀን ወደ 4 ሰዓት ይዙር። ቀን ገቢው መርጦ ይመጣል፤ አዳሪው አራት ሰዓት ጨምሮ ሠርቶ ሲወጣ ይመርጣል። ቀኑ የሕዝብ በዓል ከሆነ የአዳሪው ትርፍ ሰዓት በሁለት ተኩል እጥፍ ይታሰባል፤ አስቀድማችሁ በጽሑፍ ተስማሙ።

ጥያቄ፦ ከካዛንቺስ ተነሥተን ገላን ጉራ ገብተናል። የት ነው የምንመርጠው?

መልስ፦ በአዲሱ ሰፈራችሁ ነው፤ ነገር ግን በምርጫ ክልሉ ቢያንስ ስድስት ወር መኖር ያስፈልጋል። የነዋሪነት መታወቂያችሁን በአዲሱ ወረዳ አሁኑኑ አስቀይሩ። ምዝገባ ካመለጣችሁ በምርጫው ቀን ቤት መዋላችሁ አያስመርጣችሁም።