እጃችሁን ሳትዘረጉ በፊት እዩ

ሰሞኑን ጎንደር ውስጥ ከማራኪ ወደ ፒያሳ በባጃጅ ስወርድ አጠገቤ አንዲት የነርሲንግ ተማሪ ተቀምጣ ነበር። ጡረታ የወጣሁ የጤና መኮንን መሆኔን ስነግራት ደብተሯን ዘጋች። "ጋሼ፣ ሰው በእርጋታ ሲተነፍስ የሚነሳው ደረቱ ነው ሆዱ?" አለችኝ። "ሁለቱም" ብያት ወረድኩ። ከዚያ ቀኑን ሙሉ ሲከነክነኝ ዋለ።

በደንብ ልመልስላት። አየር ስናስገባ ደረትን ከሆድ የሚለየው ጡንቻ፣ ድያፍራም፣ አንድ ሁለት ሳንቲ ሜትር ያህል ወደ ታች ይወርዳል። የሆድ ዕቃ ሲገፋ ሆድ ወደ ፊት ይወጣል። የታችኞቹ የጎድን አጥንቶች እንደ ባልዲ እጀታ ወደ ጎን ይነሳሉ፤ የላይኞቹ ደረትን ወደ ላይና ወደ ፊት ያነሳሉ። ማስወጣቱ ጉልበት አይጠይቅም፤ ሳንባ በራሱ ይሰበሰባል። ሰው በጀርባው ሲተኛ የሆዱ እንቅስቃሴ ይጎላል፤ ሲቆም የደረቱ።

ይህን በዓይኔ ያሳየችኝ ተማሪ ሳለሁ ሕጻናት ክፍል የነበረች ሲስተር ናት። አንድ ክረምት ከደምቢያ አንዲት እናት የስምንት ወር ልጇን አዝላ መጣች። ነጠላዋ በዝናብ ርሷል። "ሌሊቱን ሲያቃስት አደረ" አለች። እኔ ማዳመጫዬን ጆሮዬ ላይ ሰካሁ። ሲስተሯ እጄን ያዘችኝ። "ቆይ አንተ! ብርዱን ብረት ደረቱ ላይ ስታሳርፍ ያለቅሳል፤ ካለቀሰ ምን ልትቆጥር ነው?"

ልጁ እናቱ ጭን ላይ እስኪረጋጋ ጠበቅን። ልብሱን ቀስ ብላ ገለጠች። ግማሽ ደቂቃ ቆጥሬ በሁለት ላባዛ ስል "የሕጻን ትንፋሽ አንዴ ይፈጥናል፣ አንዴ ይዘገያል፤ ሙሉውን ቁጠር" አለችኝ። 58 ሆነ። በዚያ ዕድሜ 50 ከደረሰ ፈጣን ነው። ከሁለት ወር በታች 60፣ ከዓመት እስከ አምስት ዓመት 40።

"አሁን ከጎድኑ በታች እይ" አለች። ሲያስገባ ሆዱ ይወጣል፤ ያ የሕጻን ወግ ነው። የደረቱ የታችኛው ክፍል ግን ወደ ውስጥ ይሰረጉድ ነበር። ሳንባ ምች። ፔኒሲሊን ተጀመረለት፣ ድኖ ሄደ።

እሷ አዋቂም ላይ እንዲሁ ነበረች። ሆዱ ደርቆ ከትንፋሹ ጋር አልንቀሳቀስ ያለ ሰው ስታይ፣ ሳትነካው ቀዶ ሐኪም ታስጠራ ነበር።

የእኔ ቁጭት ዓይኔ በሰላበት ዕድሜ ከአልጋው ዳር መራቄ ነው። ሹመት ተባለ፤ ደስ ብሎኝ ቢሮ ገባሁ። ስሰናበታት "ወረቀት አይተነፍስም" ብላኝ ወደ ሥራዋ ዞረች። ከዚያ በኋላ ሪፖርት ስፈርም ኖርኩ።

እናንተ የዛሬ ወጣት ባለሙያዎች ቀልጣፎች ናችሁ። ግን ጣት ላይ የምትሰካዋን የደም ኦክስጅን መለኪያ፣ ኦክሲሜትርን፣ አንብባችሁ በሽተኛውን ሳታዩት ታልፋላችሁ። ጎንደር ከባሕር ጠለል ከ2,000 ሜትር በላይ ናትና ቁጥሩ ከቆላው ትንሽ ዝቅ እንደሚልም ትዘነጋላችሁ። ደግሞ ልናገረው፣ ያኔ ያቺ መሣሪያ ብትኖረን ስንት የጭንቅ ሌሊት ይቀርልን ነበር!

ስትቆጥሩ ለአዋቂ በሽተኛ አትንገሩት፤ ካወቀ አተነፋፈሱ ይለወጣል። የልብ ምቱን እንደምትቆጥሩ ሆናችሁ የእጁን አንጓ ያዙ። አየር ሲያስገባ ደረቱ ተነስቶ ሆዱ ወደ ውስጥ ከገባ ግን ድያፍራሙ ደክሞ ወይም ሽባ ሆኖ ሊሆን ይችላል። ቆጠራውን እስክትጨርሱ አትጠብቁ። ሲኒየሩን ሐኪም ጥሩት፤ ከእንቅልፉ ተነስቶ ቢቆጣም ይቆጣ።