«ውል ከሌለሽ መብት የለሽም» ተብያለሁ

የሕግ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ አራት ኪሎ አካባቢ በአንድ ግለሰብ ግቢ ውስጥ ሰርቪስ ቤት ተከራይቼ እኖራለሁ። የገባሁት በመስከረም 2017 ዓ.ም. በደላላ በኩል ነው። የጽሑፍ ውል የለንም። አከራዬ እትዬ «እኔና አንቺ ምን ወረቀት ያስፈልገናል» ብለውኝ ስለነበር አፍሬ ተውኩት። ስገባ የሦስት ወር ኪራይ 18,000 ብር በአንድ ጊዜ ከፍያለሁ፤ ከዚያ ወዲህ በየወሩ 6,000 ብር በባንክ አስገባላቸዋለሁ፤ አንድም ወር አሳልፌ አላውቅም። ባለፈው እሑድ ግን በር ላይ ጠብቀው «የወንድሜ ልጅ ሊመጣ ነው፤ ወሩ ሲያልቅ ልቀቂልኝ» አሉኝ። የቀረኝ 12 ቀን ብቻ ነው። ደላላውን ሳማክረው «ውል ከሌለሽ መብት የለሽም» አለኝ። እውነት ነው?
ሀ. (በመድኃኒት ቤት ገንዘብ ተቀባይ)

መልስ፦ እውነት አይደለም እህቴ። እትዬ ቤቱን ሰጥተውሻል፣ ኪራይ ተቀብለውሻል፣ አንቺም ከዓመት በላይ ኖረሽበታል። በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ዓይን ይህ ኪራይ ነው። ያው ሕግ ጊዜው ያልተወሰነ ኪራይን ከሁለቱ ወገን አንዱ ሊያቋርጠው እንደሚችል ይፈቅዳል፤ ግን ለሌላው አስቀድሞ አስታውቆ ነው። ስለዚህ አያያዙ በቃል የሆነ ተከራይ ጭምር ማስጠንቀቂያ ይገባዋል።

ለአንቺ ጉዳይ ደግሞ ከዚህ የቀረበ ሕግ አለ። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በመጋቢት 2016 ዓ.ም. ያጸደቀው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 አንቺ ከመግባትሽ በፊት የወጣ ነው። አዋጁ የኪራይ ውል በጽሑፍ እንዲሆንና በ30 ቀን ውስጥ እንዲመዘገብ፣ ዘመኑም ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ያዛል። ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር ኪራይ መብለጥ የለበትም፤ አንቺ የሦስት ወር ከፍለሻል። ኪራዩም በባንክ ወይም በሌላ የኤሌክትሮኒክስ መንገድ መከፈል አለበት፤ ይህን አንቺ ሳታውቂው ፈጽመሽዋል። ልብ በዪ፤ ውሉን የመጻፍና የማስመዝገብ ግዴታ የተጣለው በሁለታችሁም ላይ ነው። እትዬ ግዴታቸውን ሳይወጡ ቀርተው የወረቀቱን አለመኖር በአንቺ ላይ መከራከሪያ ሊያደርጉት አይገባም። እኔ ጠበቃሽ ብሆን ሁለቱን ዓመት ከመስከረም 2017 ጀምሬ እቆጥርና እስከ መስከረም 2019 ዓ.ም. ድረስ እከራከርልሽ ነበር።

አዋጁ ማስጠንቀቂያን በቁጥር ያስቀመጠባቸው ቦታዎችም አሉ። ቤቱ ተሸጦ ወይም በሌላ መንገድ ወደ ሦስተኛ ወገን ተላልፎ አዲሱ ባለቤት ውሉን ማቋረጥ ቢፈልግ ለተከራዩ የስድስት ወር ማስጠንቀቂያ መስጠት አለበት። ተከራይ በራሱ ፈቃድ ሲለቅ ደግሞ ሁለት ወር አስቀድሞ ማሳወቅ አለበት። ይህን ሁለተኛውን ብዙ ተከራይ ይረሳዋል፤ ዕቃውን ቅዳሜ ጭኖ እሑድ ስልክ የሚደውል ተከራይ ከእትዬ የተሻለ አላደረገም። ለተሸጠ ቤት ስድስት ወር ያሰበ ሕግ ለወንድም ልጅ ሲባል 12 ቀን ይበቃል ይላል ብዬ አላምንም።

የደላላው ምክር ያንገበግበኛል። አንቺ ስትወጪ ለአዲሱ ቤትሽ ኮሚሽን ይቀበላል፤ ያንቺን ክፍል ለሌላ ሲያከራይ ደግሞ እንደገና ይቀበላል። ከመውጣትሽ ሁለት ጊዜ የሚያገኝ ሰው መብት የለሽም ቢልሽ አትስሚው። ግን አትጣዪው፤ ቤቱን በስንት፣ ከመቼ ጀምሮ እንደተከራየሽ በዓይኑ ያየ ምስክር ነው።

አሁን ወደ ማስረጃሽ እንሂድ። ወደ ባንክሽ ሄደሽ ከመስከረም 2017 ጀምሮ ያለውን የሂሳብ መግለጫ አውጪ፤ ማኅተም እንዲመቱበት ጠይቂ። በየወሩ 6,000 ብር ወደ አንድ ሰው ሂሳብ፣ ያውም ሳይቋረጥ መግባቱ ብዙ ይናገራል። ከእንግዲህ ስትልኪ ደግሞ «ምክንያት» በሚለው ቦታ ላይ «የየካቲት ወር የቤት ኪራይ» እያልሽ ወሩን ጠቅሰሽ ጻፊ። ያ ባዶ ቦታ ብድር ነው፣ ስጦታ ነው ለሚል ክርክር በር ይከፍታል። በጥሬ ገንዘብ ስጪኝ ቢሉሽ በትሕትና እምቢ በዪ።

ከሁሉ በላይ ኪራይ አታቋርጪ። «ካስወጡኝ አልከፍልም» ብሎ እልህ የተያያዘ ተከራይ፣ ኪራይ አለመክፈል ራሱ ውል የሚያስፈርስ ምክንያት ስለሆነ፣ ያልነበራቸውን ምክንያት ሠርቶ ያስረክባቸዋል። እትዬ አልቀበልም ቢሉ በባንክ ማስገባትሽን ቀጥዪ፤ ሂሳቡን ከዘጉት ፍርድ ቤት ማስቀመጥ ይቻላል።

እትዬን አንድ ምሽት ቡና ሲፈላ ወይም ሥራ ሲያርፉ አነጋግሪያቸው፤ በር ላይ ቆሞ የሚነገር ነገር ቶሎ ጠብ ይሆናል። በአጠገብሽ ሁለታችሁም የምታከብሩት አንድ ጎረቤት ይኑር። ተስማምታችሁ የተወሰነ ወር ከሰጡሽ እዚያው ጻፉት። ረጅም መሆን የለበትም፦ «ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ በግቢዬ ሰርቪስ ቤት በወር 6,000 ብር ተከራይታ የምትኖረው እገሊት፣ እስከዚህ ቀን ድረስ እንድትቆይ ተስማምተናል» የሚል፣ ቀንና ፊርማ ያለበት፣ በሁለት ቅጂ። ካልተስማሙ በወረዳሽ የኪራይ ውል ወደሚመዘግበው የቤቶች ጽሕፈት ቤት ሄደሽ ውል እንዳልተጻፈልሽና ልቀቂ እንደተባልሽ በጽሑፍ አመልክቺ፤ ያመለከትሽበትን ቅጂ ገቢ ማኅተም አስመትተሽ ያዢ። በወሩ መጨረሻ ቁልፍ ቢቀየርብሽ ወይም ዕቃሽ ቢወጣብሽ ደግሞ ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ ማንም እንዲህ የማድረግ ሥልጣን የለውም። ለፖሊስ አስመዝግበሽ፣ በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1149 መሠረት ሁከት ይወገድልኝ ብለሽ መክሰስ ትችያለሽ፤ ሳትዘገዪ ግን።

የወንድማቸው ልጅ በእርግጥ ሊመጣ ይችላል፤ እትዬን ውሸታም ናቸው አልልም። ማረፊያ የሚፈልግ ዘመድ ያለው ሰው ጭንቅ ይገባኛል። ግን አንዲት ደመወዝተኛ በመሀል አዲስ አበባ፣ በዚህ የኪራይ ዋጋ፣ በ12 ቀን ቤት አግኝታ ቅድሚያ ከፍላ ዕቃ ጭና መግባት አትችልም። ይህን ለእትዬ በግልጽ ንገሪያቸው።

ጥያቄ፦ ካዛንቺስ በቀበሌ ቤት ውስጥ ከዋናው ተከራይ ጋር በደባልነት እኖራለሁ፤ ባለቤቴና ሁለት ልጆቼ አብረውኝ ናቸው። እኔስ የማስጠንቀቂያ መብት አለኝ?
መ.

መልስ፦ የእርስዎ አቋም ደከም ያለ ነው፤ ላታልልዎት አልፈልግም። ቤቱ የሰውዬው አይደለም፤ እሳቸውም የመንግሥት ተከራይ ናቸው። ያለ አስተዳደሩ ፈቃድ ለሌላ ማከራየት ራሳቸውን ቤቱን ሊያሳጣቸው ስለሚችል፣ ጉዳዩን ወረዳ ቢያደርሱት ሁለታችሁም ልትጎዱ ትችላላችሁ። በመካከላችሁ ያለው ስምምነት ግን እሳቸውን በተመለከተ ዋጋ አለው፤ የከፈሉት ገንዘብ ተቀባይ አለው። ስለዚህ አስቀድመው የከፈሉት የቀረ ወር ካለ እንዲመልሱልዎት፣ ልጆችዎ ትምህርት እስኪጨርሱ ጊዜ እንዲሰጡዎት በሽማግሌ በኩል ይጠይቁ፤ ቤት ፍለጋውንም ከዛሬ ይጀምሩ።